ሰባተኛው ቃል

ሽማግሌው ከደረቁ ወንዝ ዳር፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። እኩለ ቀን ላይ ዋይታው መንደሩን አዳረሰ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ስሙን የጠራ የለም፤ እዚህም አይጠራም። የተጠራ ሙት ይመለሳል።

የመንደሩ ፖሊስ ረዳት ሞዲ ጊዜ አልነበራትም። ከአውስትራሊያዋ ዳርዊን ከተማ የሚመጡት ፖሊሶች ማታ ክሊፊን በጥርጣሬ ይዘው በአውሮፕላን ሊመለሱ ነው። ክሊፊ የሟቹ የእህት ልጅ ነው፤ ትናንት ሰው ፊት ተጣልተዋል። ያሳደገችው ደግሞ ሞዲ ናት።

«በምን ተጣላችሁ?»

«የመኪናውን ጎማ ሳልጠይቅ ወሰድኩ፣ አክስቴ። በጎማ ሰው ይገደላል?»

«ከዚያም ባነሰ ይገደላል። ሲነጋ የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ከዚያ ትምህርት ክፍል ገባሁ።»

አብራቸው የምትኖረው ጁኒ የካንጋሮ ጭራ ፍም ላይ እያገላበጠች ሳቀች። «እሱ ሲያንኮራፋ ውሾቹ ይሰደዳሉ። ሲነጋ ግን እኔም ተኝቼ ነበር።»

ከፍሙ ማዶ የተቀመጠው ዴንዚል ቀና አላለም። ከሽማግሌው ጋር አስራ አንድ ዓመት የቋንቋቸውን መዝገበ ቃላት የሠራ እሱ ነው። «እኔም ክፍል ነበርኩ» አለ።

ሦስቱም ለአስተርጓሚነት ፈተና ይማራሉ። ሞዲ መምህርታቸው ዘንድ ሄደች።

«ዛሬ ምን ሠሩ?»

«አሥር ቃል ሰጠኋቸው። መዝገበ ቃላቱን ገልጠው፣ ስም ነው ወይስ ግስ፣ ምልክቱን አይተው ይጽፋሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሰብስቤ ቆለፍኩበት።»

ሞዲ ወረቀቶቹን አየች። ከዚያ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ጁኒ አሥሩንም ጽፋለች። ክሊፊም፤ አራቱን ተሳስቶ።»

«ሦስቱን ነው» አለ ክሊፊ።

«ዴንዚል ዘጠኝ ብቻ። ሰባተኛው ባዶ ነው።»

ሰባተኛው ቃል የሽማግሌውን ስም ይመስላል።

«ሳላየው ዘልዬው ነው፣ አክስቴ።»

«መጽሐፉን የሠራኸው አንተ?» የዴንዚልን መዝገበ ቃላት ገለጠች። ቃሉ ላይ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል። «ሰው ሲሞት ስሙን የሚመስለውን ቃል እንሸፍናለን፤ አንናገረውም፣ አንጽፈውም። ወግ ነው። ግን የተገኘው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ መሞቱን ማን ያውቅ ነበር? እነዚህ ሁለቱ ሳያስቡ ጻፉት። ለእነሱ ገና በሕይወት ነበር።»

ዴንዚል ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ለሁሉ የማይነገር የምሥጢር ቃል መጽሐፉ ውስጥ አስገባህ፣ ስምህን ከሽፋኑ ላይ እፍቃለሁ አለኝ። ገፋሁት። የታንከሩ ብረት ላይ ወደቀ። ክፍል ገብቼ ገጹን ስገልጥ… ቃሉ አየኝ፣ አክስቴ። እጄ እምቢ አለ።»

«ገደልከው» አለች ሞዲ ቀስ ብላ፤ «ቀድሞ ያለቀሰለትም ያው እጅህ ነው።»

የአውሮፕላኑ ድምፅ ከሩቅ መጣ። ክሊፊ የራሱን መዝገበ ቃላት ገልጦ ሰባተኛው ቃል ላይ ወረቀት ለጠፈ።

ታንከሩ ላይ የላላው ቆርቆሮ ተንኳኳ፤ አሸዋው ከመሬት ብድግ አለ። ያነሣው ነገር ስሙ ያው ሰባተኛው ቃል ነው፤ ማንም አልጠራውም።