ከሳፊያ አልጋ ፊት ለፊት ያለችው እመቤት

ይህን ስታነቡ "አበዛችው" እንደምትሉ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። እንኳን የሰው ወሬ፣ የራሴን ዓይን የምጠራጠር ሰው ነኝ።

ግን ሆኗል። እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር፣ እህቴ ቤት ውስጥ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

በጠራራ ፀሐይ...

ራኒያ እባላለሁ። ሳፊያ ታላቅ እህቴ ናት። ከስልጤ በልጅነቴ አምጥታ እዚህ አሳደገችኝ። ኋላም ህንድ አገር ልካ ፋርማሲ አስተማረችኝ። ኮሮና ሲገባ ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩ። ሥራ አላገኘሁም። እዚህም እዚያም አልሆን ብሎኝ፣ እሷ ቤት ከክፍል ክፍል እየተንጎራደድኩ ነበር የምውለው።

ባሏ ሻፊ "ዶክተሯ" እያለ ይቀልድብኛል።

"ዶክተሯ፣ ለራስ ምታት ምን ይሻላል?"

"ትንሽ ማውራት።"

እንዲህ ነበርን። ሳፊያ እስክትታመም ድረስ።

የኮሮና ሦስተኛው ማዕበል ነበር። ሆስፒታል ወሰድናት። ግቢው ውስጥ ሰው መኪና ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። አልጋ የለም ብለው መለሱን። ጣቷ ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ገዝተን ወደ ቤት ይዘናት ተመለስን።

እዚህ ሐምሌ ዝናብ የለውም። ደረቅ ብርድ ነው። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ እዚያ አስተኛናት።

ስዕሏ ያለችው እዚያ ክፍል ነው።

ቤቱን ሲከራዩ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ነበረች። አከራዩ የህንድ ዘር ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ፍሬሙ በሲሚንቶ የተያዘ ስለሆነ እንዳይነካ ብለው ነበር። ከደብተር ገጽ አትበልጥም። በህንድ ሙጋል ነገሥታት ዘመን አሳሳል የተሠራች አንዲት እመቤት። ጀርባዋ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ቀሚሷ እንደ ጭጋግ የሳሳ፣ ትከሻዋ ላይ ነጭ ነጠላ፣ አንገቷ ላይ ድርብርብ ሉል፣ ጣቶቿ ሂና የነካቸው። አንዲት ነጭ አበባ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ይዛለች።

ህንድ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ስዕል ብዙ አይቻለሁ። ሁልጊዜ በጎን ነው የሚስሏቸው። ግማሽ ፊት፣ አንድ ዓይን። ይህችም እንዲሁ ነበረች።

ሳፊያ መቆም ቢያቅታትም ሶላት አልተወችም። ተኝታ በዓይኗ እየጠቀሰች ትሰግድ ነበር። ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ እንድትዞር ብለን አልጋውን ከግድግዳ አላቅቀን መሃል ላይ አደረግነው።

ያኔ ስዕሏ ፊት ለፊቷ ሆነች።

"ስዕል ባለበት መላኢካ አይገባም" አለ ሻፊ። "እንሸፍናት።"

ያገኘው ጨርቅ የሳፊያ የሶላት ሻርፕ ነበር። ጫፉ ላይ ወርቃማ ክር ያለው፣ ሰማያዊ። እሱን ሰቀለባት። ለምን ሌላ ጨርቅ አልፈለገም? ለምን እኔ አልፈለግኩም? እንጃ። ለአላህ ብለን ያደረግነው ነበር...

በማግስቱ ሻርፑ መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት።

አንስቼ ልሰቅለው ስል ቆምኩ።

እመቤቲቱ ትከሻዋ ላይ ያለው ስስ ነጠላ ነጭ ነበር። አሁን ጫፉ ላይ ቀጭን ወርቃማ መስመር አለው።

"ድሮም ነበረ" አልኩ ለራሴ። "አላስተዋልሽውም።" ሻርፑን ግን መልሼ አልሰቀልኩትም።

"ራኒዬ..." አለች ሳፊያ ከኋላዬ።

"ወዬ።"

"አበባ ይሸተኛል።"

ልቤ በደስታ ዘለለ። ከታመመች ጀምሮ ሽታ የሚባል ጠፍቶባት ነበር። ሮጬ መለኪያውን አየሁ።

ቁጥሩ ከትናንቱ ወርዷል።

ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አተነፋፈሷን አዳምጥ ነበር። ትስባለች... ታወጣለች... ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ እንደገና።

"ሳፊዬ፣ አታቋርጪ። ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ።"

"ተራዬ አይደለም" አለች በሹክሹክታ።

"ምን?"

"አሁን የእሷ ተራ ነው።"

ጣቷን ወደ ግድግዳው አነሳች።

ትኩሳት ነው አልኩ። ኦክስጅን ሲያንስ ሰው ይቀባዥራል። ተምሬዋለሁ። ግን ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ሳፊያ ስታቆም... በዚያ ዝምታ ውስጥ... አንድ ሌላ፣ ቀጭን፣ የማይቸኩል ትንፋሽ ነበር።

ተማም የሚባል የሻፊ ጓደኛ ጀርሚስተን ከተማ የኦክስጅን ሲሊንደር አገኘሁ ብሎ ደወለ። ግን ያን ሳምንት ረብሻ ተነስቶ ሱቅ ይዘረፍ፣ መንገድ ይዘጋ ነበር።

"እዚህ መንገድ ላይ ጎማ እየነደደ ነው። ማለፍ አልቻልኩም" አለ ተማም በስልክ።

ሻፊ ቁልፉን አነሳ። "እኔ በሌላ በኩል ሄጄ አመጣዋለሁ። አደራ፣ ዶክተሯ።"

ያን ጊዜ ሲጠራኝ አልሳቀም።

ወጣ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሎድሸዲንግ፣ የመብራት ፈረቃ ነው። ፍሪጁ ዝም አለ። ቤቱ ውስጥ የቀረው የሁለት ሰው ትንፋሽ ነው።

የእኔን ሳልቆጥር።

ስዕሏን ቀና ብዬ አየኋት። አፍንጫዋ አጥንት ላይ፣ ባለፈው ምንም ባልነበረበት ቦታ፣ ጥቂት ጥቋቁር ጭረቶች ወጥተዋል።

ቅንድብ... የሌላኛው ዓይን ቅንድብ ነው።

እየዞረች ነበር።

ወጥ ቤት ሮጬ ቢላ አመጣሁ። ፍሬሙና ግድግዳው መሃል ሰክቼ ገፋሁ። ሲሚንቶው ረገፍ ረገፍ አለ።

ከኋላዬ መለኪያው ጮኸ።

ዞር ስል ሳፊያ አፏን ከፍታለች፤ ግን ምንም አይገባም። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ቢላውን መዝዤ ጣልኩት። ወዲያው በኃይል ተነፈሰች።

አጋጣሚ ነው አልኩ። ቢላውን አንስቼ እንደገና ሰካሁት።

እንደገና አቆመች።

ቢላው ከእጄ ወደቀ። አምቡላንስ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ሻፊ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ያ ሁሉ ትምህርት... አንድ የማደርገው ነገር አልነበረም። እኔ፣ በምንም የማላምነው ሰው፣ ግድግዳው ፊት ቆሜ ስዕል መለመን ጀመርኩ።

"ተያት... እባክሽ ተያት። ምን ልስጥሽ?"

የመለሰችልኝ ሳፊያ ነበረች። ድምጿ የደከመ አልነበረም።

"ዞር በይላት።"

"ሳፊዬ?"

"መሃላችን ቆመሻል። ዞር በይላት። ልትጨርስ ነው።"

"አልዞርም!"

መለኪያው ሰባ ገባ። ስልሳ ስምንት። ስልሳ አምስት። የእህቴ ጥፍሮች ጠቆሩ። ዓይኖቿ ግን እኔን አልፈው፣ በትከሻዬ በኩል፣ ግድግዳውን ያያሉ።

ምን ታደርጉ ነበር?

ዞር አልኩላት።

ከኋላዬ የሐር ልብስ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ቀና ብዬ አላየሁም። መለኪያውን ብቻ ነበር የማየው። ሰባ አምስት... ሰማንያ ስምንት... ዘጠና ስድስት። እዚያ ላይ ቆመ።

ክፍሉ የአበባ ሽታ ብቻ ሆነ።

ሻፊ ሲሊንደሩን ተሸክሞ፣ ፊቱ በጭስ ጠቁሮ ሲገባ፣ ሳፊያ ትራስ ተደግፋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። በእርጋታ ትተነፍሳለች። ሻፊ ቁጥሩን አይቶ ሲሊንደሩን መሬት አስቀመጠና አለቀሰ።

"አልሃምዱሊላህ! ያ አላህ! ተረፈች፣ ራኒዬ!"

ከአልጋው በቀኝ በኩል ተንበርክኮ እጇን ያዘ። እኔ በግራ በኩል ቆሜ ነበር። ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር፣ አብሯት የተወለደው ጥቁር ነጥብ ይታየኛል።

"ሻፊ፣ በየት በኩል ነህ?" አለች።

"እዚህ ነኝ። እጅሽን ይዤሻለሁ።"

"አላይህም።"

ሻፊ ፊቷን ቀረብ ብሎ አየ። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

"ራኒያ" አለ፣ እንደ ሌላ ጊዜ ሳይቀልድ። "ይሄ ነጥብ... በግራ በኩል አልነበረም እንዴ?"

"በግራ ነው። እያየሁት ነው።"

"እኔም እያየሁት ነው።"

አልጋውን ዞሬ አጠገቡ ሄድኩ። ሳፊያ አልተንቀሳቀሰችም። አንገቷም አልዞረም።

ያው ግራ ጉንጭ። ያው ነጥብ። ያው አንድ ዓይን፣ ወደ ግድግዳው።

ወደ ነበርኩበት ተመለስኩ። እዚያም እሱ ነው።

"ፊት ለፊቷ ቁሚ" አለ ሻፊ። "ራኒዬ፣ ፊት ለፊቷ ሆነሽ እያት።"

ከአልጋው ግርጌ ሄጄ ጀርባዬን ለስዕሏ ሰጥቼ ቆምኩ። አንገቴ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ አረፈ። ቀስ ብዬ እህቴን ቀና ብዬ አየኋት...

ግማሽ ፊት፣ አንድ ዓይን። ከፊት ለፊትም፣ ሳፊያ በጎን ነበረች።