የወንበሩ ሆድ

«ቀና! ቀና አድርጊው እንጂ! ግድግዳውን ልትልጪው ነው እኮ፣ ፌንጣ!»

«አባዬ፣ ቀና ካደረግኩት አፍንጫዬ ይጨፈለቃል!»

«አፍንጫ ይድናል። የዚህ ወንበር ጠርዝ አንዴ ከተላጠ ግን አለቀለት!»

ከአራተኛ ፎቅ እስከ መሬት ያለው ደረጃ ስልሳ አራት ነው። ያን ቀን ግን ስድስት ሺህ አራት መቶ ሆኖ ነበር። ከላይ አባት፣ ከታች ልጅ፣ መሃል ላይ ደግሞ ጎረምሳ ጉማሬ የሚያህል ባለ አንድ ሰው ሶፋ። አባቷ ሶፋ ሰሪ ነው። ያውም ተራ ሶፋ ሰሪ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ በሠራው ላይ የተቀመጠ እንግዳ «ልነሣ» ማለት ስለሚጠፋው፣ ቸግሯቸው ሶፋውን የሸጡ ሰዎች አሉ ይባላል። የሚለው ራሱ ነው።

«ፌንጣ» የወጣላት ስም ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት እግሯ ከሌላው አካሏ ቀድሞ አድጎ ቁጭ አለ፤ ሰፈሩ በሙሉ ስሟን ረሳው።

ዛሬ አባቷ ቤት እየቀየረ ነው። የሚሄደው መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ከሕክምና ወጥተው፣ ብቻቸውን ለመቆም እስኪችሉ ድረስ ተደጋግፈው ወደሚኖሩበት ቤት ነው። አርባ ቀን ሆስፒታል ተኛ፤ ከዚያ አልጋ እስኪለቀቅለት ሳምንት ሙሉ እቤት ጠበቀ፤ ዛሬ ተራው ደረሰ። ስድስት ወር እዚያ ያድራል። ከልብሱ ሌላ አንድ ዕቃ ይዞ መግባት ይፈቀድለታል።

«ሰው ትራስ ይወስዳል፣ ሬዲዮ ይወስዳል» ብላ ስቃ ነበር እናቷ፣ ጠዋት ወደ ፈረቃዋ ስትወጣ። «የኔ ባል ዙፋኑን!»

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ ሊሰበስቡ ወንበሩን በጎኑ አስደገፉት። ለፌንጣ የደረሳት የወንበሩ ሆድ ነበር፤ ከሥር የሚሰፋው ጥቁር ጨርቅ። ይህ ወንበር ከአራት ዓመት በፊት ሲሠራ ክር ያቀበለችው እሷ ናት። ጨርቁ አቧራ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል፤ ክሩም አብሮት። በግራ በኩል ግን አንድ ስንዝር የምትሆን ስፌት ነጭ ሆና ታበራለች።

ቀረብ ብላ አየቻት። መጨረሻዋ ላይ ሦስት ቋጠሮ፣ የክሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ተደብቆ። እንዲህ የሚቋጥር ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከላይ ቆሞ ላቡን እየጠረገ ያፏጫል።

ወንበሩን ነቅነቅ አደረገችው። ከሆዱ ውስጥ፣ በስፖንጅ የታፈነ፣ *ቡልቅ* የሚል ድምፅ መጣ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አባቷ።

«ምንም። እጄ ዝሎ ነው።»

«ምንም» በማለት ፌንጣን የሚያክል የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆማ ደንበኞችን መልሳለች። «አሞት ተኝቷል»፣ «ጨርቅ ሊገዛ ወጥቷል»፣ «አጎቱ ሞቶበት ቀብር ሄዷል»። በእሷ ቆጠራ ሰባት አጎት አስቀብራዋለች። አባቷ ያለው አጎት ግን አንድ ነው፤ እሱም ያለ ምንም ችግር በየሳምንቱ ኳስ ይጫወታል።

ዕቃ የሚጭንላቸው ሹፌር «ሮኬት» ይባላል፤ ፒክአፑ ስለማይሄድ። አንዲት ባልቴት በከዘራቸው ቀድመዋቸው ሲያልፉ እጃቸውን አውለበለቡላቸው። አባቷ ከፊት ተቀምጦ ይዘፍናል። ፌንጣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ተሰይማለች፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከበታቿ *ቡልቅ*።

ብናገር አልጋውን ያጣል ብላ አሰበች። ዝም ብል ደግሞ ስምንተኛውን አጎት ልቀብር ነው።

ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴትዮ ቆመው ጠበቋቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የቤቱ ኃላፊም፣ ፈታሽም፣ ዳኛም እሳቸው። ነዋሪዎቹ «እትዬ ደጃፍ» ይሏቸዋል።

«ደንቡ አጭር ነው» አሉ፣ በጫማቸው ጫፍ የበሩን ደፍ እየነኩ። «ከዚህ ደፍ ውጭ ሆኖ የተናገረ፣ ምንም ይዞ ቢመጣ ይገባል። ካለፈ በኋላ የተገኘበት ይወጣል፤ እንደገና ወረፋ ሦስት ወር ነው። ገብቶሃል የኔ ጌታ?»

«እንደ ውኃ!» አለ አባቷ።

ሻንጣው ተከፈተ። እንዲህ ዓይነት ፍተሻ በዘመናት አንዴ ነው የሚታየው! የጥርስ ሳሙናው ሳይቀር ተሸተተ፤ ካልሲዎቹ አንድ በአንድ ተገለበጡ። ወደ ወንበሩ ሲዞሩ ግን እትዬ ደጃፍ የመቀመጫውን ትራስ አንሥተው ከሥሩ አዩ፣ መደገፊያውን መታ መታ አደረጉ፣ በቃ።

«ግሩም ሥራ ነው። በል ግንበኛው፣ አግዘው።»

ግንበኛው ከቤቱ ነዋሪዎች አንዱ ነው፤ ትከሻው በር የሚያህል ሰው። እሱ በአንድ በኩል፣ አባቷ በሌላው ያዙና «አንድ፣ ሁለት» ሲሉ ፌንጣ ዘላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ሦስት!» አለ ግንበኛው። አቃሰተ። «ኧረ ይሄ ነገር ከበደ!»

«ፌንጣ፣ ተነሺ እንጂ።»

«አልነሣም።»

«አየህ አይደል!» አለ አባቷ ወደ ግንበኛው ዞሮ በኩራት። «ወንበሬ ላይ የተቀመጠ አይነሣም!»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር ገባ። «ልጄ፣ ምን ነካሽ? ሰው እያየን ነው።»

«ከሥር ያለው ስፌት አዲስ ነው» አለች እሷም በሹክሹክታ።

«የቱ?»

«ግራ በኩል። ሦስት ቋጠሮ ያለው።»

«እ... ላልቶ ነበር። ጠገንኩት።»

«ጠግነኸው ለምን ቡልቅ ይላል?»

ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ወረደ። «አልከፈትኩትም እኮ» አለ። «ሙሉ ነው። ድንገት ክፉ ቀን ቢመጣ ብዬ ነው።»

«ክፉውን ቀን በገዛ እጅህ ሰፍተህ ይዘኸው መጣህ?»



«ምንድን ነው የምትማከሩት?» አሉ እትዬ ደጃፍ። «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?»

«አሞኛል» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጥታ ቆመች። ለስላሳ፣ የለመደች፣ ዝግጁ። ፌንጣ ዋጠቻት።

«እትዬ፣ መቀስ ይኖርዎታል?»

«መቀስ? ለምን?»

ግንበኛው አያት። ሮኬት ከመኪናው ወርዶ አያት። ከሁሉም በላይ አባቷ አያት፤ በዚያ ስንቴ «በይልኝ» ባላት ዓይን።

«አባዬ ያውቀዋል» አለች። «እሱ ይንገርዎት።»

ከዚያ ከወንበሩ ወርዳ ቆመች።

እትዬ ደጃፍ ከኪሳቸው ትንሽ መቀስ አወጡ። አባቷ ተቀብሎ መዳፉ ላይ አገላበጠው፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በዚህ ነው ሰው ጨርቅ የሚቆርጠው?» አለ። «ይሄ እኮ የትንኝ ጥፍር መቁረጫ ነው!»

ማንም አልሳቀም። ወንበሩን ከደፉ ውጭ በጎኑ አስተኛው፤ ተንበረከከ፤ ሦስቱን ቋጠሮዎች አንድ በአንድ በጠሳቸው። እጁን ወደ ሆዱ ሰደደና ጠርሙሱን አወጣ። ማኅተሙ አልተነካም።

«ይዤ ነው የመጣሁት፣ እትዬ» አለ። «ደብቄ ላስገባው ነበር።»

ከዚያ ግንበኛው ረጅም ፉጨት አፏጨ። «ሰውዬ! እኔ ትራስ ውስጥ ነው የከተትኩት፤ ያውም ደፉን አልፌ! ሦስት ወር ወረፋ በላሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖረኝ...»

«አንተ ትራስ፣ እሱ ሶፋ!» አሉ እትዬ ደጃፍ። «ከእንግዲህ አልጋ ውስጥ ሰፍቶ የሚመጣውን ነው የምጠብቀው!» አሁን ሁሉም ሳቁ፤ አባቷም ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ። ጠርሙሱ ወደ ቦይ ተንቆረቆረ። እትዬ ደጃፍ ደብተራቸውን ገልጠው እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡ፤ «ከደፍ ውጭ፣ በራሱ እጅ።»

ወንበሩ ሆዱ እንደተቀደደ ገባና ክፍሉ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀመጠ። አባቷ ከሻንጣው መርፌና ክር አወጣ።

«ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ» አላት። «ምንም እንዳልከተትኩበት እያየሽ ልዝጋው። አይተሽ ሂጂ።»

ፌንጣ ክሩን ተቀበለችው። በመርፌው ቀዳዳ አሾለከችና መልሳ ሰጠችው፤ ጉንጩን ሳመችው።

«ሳታዪው?»

«የሒሳብ የቤት ሥራ አለብኝ» አለች። «ሃያ ጥያቄ።»

እሱ ወደ ስፌቱ ሲያጎነብስ እሷ ሮኬት ወደቆመበት ወጣች።