ወኪል አልቀበል ያለው ሰርቨር

ሰው ሰርግ ቤት ይተያያል፣ ትምህርት ቤት ይተያያል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የሚተያዩት ሰርቨር ሲበላሽ ነበር። እሷ በዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሰርቨሮቹ የሚሠሩበት የሊኑክስ ሥርዓት ባለሙያ ናት። እሱ ሩቅ ባለው ቅርንጫፍ የሰርቨር ክፍሉን የሚጠብቅ ቴክኒሻን ነው፤ ሁሉም «ባለቁልፉ» ይለዋል።

ልትጠግን ስትመጣ የሚገናኙበት ክፍል ብርድ ነው፣ የማራገቢያው ጩኸትም ጆሮ ያደነቁራል። ስለዚህ ለመነጋገር ይጠጋጋሉ። አንቱታው ከቀረ ቆይቷል፤ የልባቸውን ግን አንዳቸውም ተንፍሰው አያውቁም። ነገሩ የገባቸው እናቷ ናቸው፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ቢባልም፣ ባልም አይገባም» እያሉ ይተርቧታል።

አንድ ቀን አለቃዋ በየሰርቨሩ ወኪል የሚባል ትንሽ ፕሮግራም እንዲጫን አዘዙ። እሱ ከተጫነ የሩቁን ሰርቨር ከወንበር ሳይነሱ ማዘዝ ይቻላል፤ መንገድ መውጣት ቀረ ማለት ነው። የአጫጫኑን መመሪያ የጻፈችው ራሷ ነበረች። ወደ ባለቁልፉ ቅርንጫፍ ግን በአካል ሄዳ ልትጭን፣ በዚያውም የሆዷን ልትነግረው ቆረጠች። ቲኬትም ቆረጠች።

በጉዞዋ ዋዜማ የቅርንጫፉ ሰርቨሮች ስክሪኗ ላይ ተራ በተራ አረንጓዴ ሆነው ብቅ አሉ። ባለቁልፉ መመሪያውን ይዞ ራሱ ጭኖባቸዋል። አትምጪብኝ ማለቱ ነው ብላ ሆዷ ባባ። የቀረው አንድ ሰርቨር ብቻ ነበር። ደውላ ለምን ራሱ እንደጫነ ጠየቀችው።

«እንዳትደክሚ ብዬ ነው» አለ። «ባለፈው ከአውቶቡስ ስትወርጂ ወገብሽን ይዘሽ ነበር።»

«ደግ አደረግህ። አንዱስ?»

«እሱ እምቢ አለኝ።»

ቆሽቷ አሯል። ትእዛዞቹን መስመር በመስመር፣ ለማያውቁት ሰው በሚነገር ድምፅ አስጻፈችው። አረንጓዴው በራ። «እንግዲህ አለቀ» አላት፤ ስልኩን ግን አልዘጋም። የዘጋችው እሷ ናት። ቲኬቱንም መለሰች።

ከዚያ ወዲያ የቅርንጫፉ ነገር ሁሉ ፊቷ ነበር፤ የክፍሉ ሙቀት፣ የዲስኩ መሙላት፣ የማሽኖቹ ድካም። ወኪሉ ታማኝ ነው፣ ምንም አይደብቅም። ስለ ባለቁልፉ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ምሳዋን ስክሪኑ ፊት ብቻዋን ትበላለች። ናፍቋታል፤ የምትነግረው ሰው ደግሞ የላትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ቅርንጫፍ ሠራተኛ በስልክ ስታስረዳ «አይዞህ፣ አንዱን የጫነ ሌላው አያቅተውም» አለች፤ ወዲያው የባለቁልፉ አንዱ ሰርቨር ትዝ አላት። ሌሎቹን ሁሉ ያለማንም እርዳታ የጫነ ሰው አንዱ እንዴት እምቢ ይለዋል? ድካሟን ሊያቀልላት ፈልጎ፣ መምጣቷን ጨርሶ ማስቀረቱ ግን አላስችል ብሎት፣ መምጫ ምክንያት ትቶላት ኖሯል። እሷ ያንን ክፍተት በገዛ አፏ አስዘጋችው።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ አውቶቡስ ተሳፈረች። ባለቁልፉ በሩን ከፍቶ ሲያያት ደነገጠ።

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም። አንተን ልይ ብዬ ነው» አለች። «የዚያ ሰርቨር ነገር ቆይቶ ገባኝ። ጠበቅኸኝ?»

«መጠበቅማ ሥራዬ ነው» አለ። ሊቀልድ ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ክፍሉን ቆለፈና አብሯት ወጣ።