የመጀመሪያው ተሳፋሪ

ኢኒድ የትንሿን ባቡሯን ቦይለር፣ ውሃው የሚፈላበትን የመዳብ ጋን፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ክበቡ መጋዘን ስትገባ ሴድሪክ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። እጁ ንጹሕ ነበር።

በዚያች የእንግሊዝ፣ የዮርክሺር ከተማ መናፈሻ፣ ትንንሽ የእንፋሎት ባቡር የሚሠሩ የክበቡ ሰዎች እሁድ እሁድ ሰው እያሳፈሩ ያዞራሉ። ማንም ቢሆን ግን ሴድሪክ ቦይለሩን ሳይመረምርለት እሳት አይለኩስም። ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላበትና ከሚሠራበት ግፊት እጥፍ ያስጨንቀዋል። ጠብታ ካላነባ ያልፋል።

ይህችን ባቡር ኢኒድ መዳቡን ቆርጣ፣ በገዛ እጇ በይዳ ነው የሠራቻት። ሴድሪክ ስትሠራ ሁለት ክረምት አይቷታል፤ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ብሎን ስታጠብቅ፣ ጠርዙን በጣቷ ስትዳስስ። ሊነግራት ያሰበውን ሁሉ ግን ዋጠው።

ፓምፑን ገፋ። የመለኪያው ቀስት ወጥቶ ቆመ። ከዚያ ከእሳት በሩ ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠብታ ብቅ አለች።

«ላብ ነው፤» አለ የክበቡ ሽማግሌ ሃሮልድ በጆሮው። «በአውራ ጣትህ ጠረግ አድርግና ፈርምላት። ለአንዲት ጠብታ ብለህ ሚስት ታጣለህ፣ አንተ ሞኝ።»

ሴድሪክ ኢኒድን አየ። እሷም እያየችው ነበር። እሁድ ባቡሯን ስትነዳ እሳቱ የሚነደው ከጉልበቷ አጠገብ ነው።

«አያልፍም፣ ኢኒድ።»

«ይህችን ለምታህል ጠብታ?»

«ይህችን ለምታህል።»

ቦይለሩን አቅፋ ወጣች። በሩን እንኳ አላጋጨችውም፤ ብታጋጨው ይሻለው ነበር።

በሳምንቱ ዝናብ አብሰብሷት፣ ቦይለሩን አቅፋ ተመለሰች።

«ደህና ሰነበትሽ?»

«ፓምፑን ያዝ።»

ቀስቱ ወጥቶ ቆመ። ሴድሪክ የተበየደውን ስፌት ሁሉ በጋዜጣ ቁራጭ ዳሰሰ። ወረቀቱ ደረቅ ነበር።

«አልፏል።»

«ሳምንቱን ሙሉ ስረግምህ ነበር፤» አለችው። «እንደገና በይጄ ስጨርስ ግን የምረግምህበት ምክንያት ጠፋኝ።»

በክበቡ አንድ ልማድ አለ። አዲስ ባቡር መጀመሪያ ሲዞር፣ ከሠሪው ኋላ የሚቀመጠው ለልቡ የቀረበው ሰው ነው። ወንዶቹ ሚስቶቻቸውን ያስቀምጣሉ። ኢኒድ አባቷን እንደምታስቀምጥ ያልገመተ አልነበረም። እሁድ ዕለት አባቷ ኮፍያውን አስተካክሎ ሲራመድ፣

«አባዬ፣ ቆይማ፤» አለች። «ሴድሪክ፣ ና ተቀመጥ።»

አባቷ ሴድሪክን ከላይ እስከ ታች አየውና ወደ አግዳሚው ተመለሰ። ፒፓውን ሲለኩስ ከንፈሩ ፈገግ ብሎ ነበር።

ሴድሪክ ከኋላዋ ተቀምጦ እጁን የት እንደሚያደርግ ጨነቀው።

«ትከሻዬን ያዝ፤ መታጠፊያው ላይ ትወድቃለህ።»

ባቡሯ ተንፍሳ ተነሣች። መዳቧ በዛፎቹ መካከል በሾለከው ፀሐይ እያበራ፣ ያለ አንዲት ጠብታ ሽቅብ ወጣች። እንዲህ ያለ ሥራ ሴድሪክ አይቶ አያውቅም።

«ኢኒድ፤» አለ መታጠፊያው ላይ።

«እ?»

«ያን ቀን... እንዲያልፍ ከአንቺ በላይ እኔ ፈልጌ ነበር። ግን የምትነጂው አንቺ ነሽ።»

ጆሮዋ ቀላ።

መነሻው ላይ ልጆች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ሰው አንድ ዙር ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ሴድሪክ አልተነሣም።

«ውረድ እንጂ!» አለ ሃሮልድ። «ተጣበቅህ እንዴ?»

ኢኒድ ዞር እንኳ አላለችም።

«ተወው፤ ምርመራውን አልጨረሰም፤» አለችና እንፋሎቱን ለቅቃ ባቡሯን ለሁለተኛ ዙር አስነሣች።