የጎርጎራው የስልክ መስመር

የአምሐ አስከሬን ከጎርጎራ በጀልባ ባሕር ዳር ሲደርስ ቄስ ገብረ ኪዳን ፍትሐት አልፈታም አሉ። ራሱን ላጠፋ ሰው ሥርዓቱ አይፈቅድም። መርማሪው ሻምበል ዳኘው የሟቹን እናት ወይዘሮ የብርጓልን አያቸው። የልጃቸው መስጠም አንሶ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ሊቀበር ነው።

«ራሱን ማጥፋቱን በምን አወቃችሁ?» ሲል አምሐ ይሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ኃላፊ ሣህሉን ጠየቀው።

«በዚያን ዕለት ከሰዓት በስሙ ወደ ኮምፒውተሩ መልእክት መጣ፣ ጓድ ሻምበል። በላቲን ፊደል ‹ሐይቁ ይውሰደኝ፤ አትፈልጉኝ› ይላል። ምስጢር ቃሉን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ጎርጎራ ሆኖ እንዴት ጻፈው?»

«ኮምፒውተሩ ያለው እዚህ ነው፤ እዚያ ያለው ስክሪንና የፊደል ገበታ ብቻ። በስልክ ሲደውሉ እዚህ አንድ በር ጠባቂ ፕሮግራም ስምና ምስጢር ቃል ይጠይቃል፤ ያመነውን አስገብቶ በስሙ የሥራ ክፍል ይከፍትለታል። ሲጨርስ የመውጫ ትእዛዝ መጻፍ አለበት።»

ዳኘው ነገር ሲበላው ጆሮውን ያክካል። አሁንም እያከከ ከአስከሬኑ ጋር ወደ መጣችው የጎርጎራ ቢሮ ጸሐፊ ወደ ሸዋዬ ሄደ።

«የመውጫ ትእዛዝ ትጽፋላችሁ?»

«ኧረ ጌታዬ! ያለችን አንዲት ስልክ ናት። ሰው ሲፈልጋት ጥርቅም አድርገን እንነሣለን። አምሐም ጠዋት እንዲያው አደረገ። ከሰዓት ባልደረባው ቢያዝን ብቻ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ፤ ከዚያ ቢሮውን ቆለፍሁ።»

ከአስከሬኑ ጋር አብሮ የመጣው ቢያዝን ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«ስሜንና ምስጢር ቃሌን ሰጥቼ ገባሁ፤ ሥራዬን ሠርቼ ወጣሁ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ምነው ዝም ባለ!

ዳኘው ቄሱንና ወይዘሮ የብርጓልንም ጨምሮ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ክፍል ሰበሰባቸው። ሣህሉ ከጎረቤት ቢሮ ደውሎ በስሙ ገባ፤ ሳይሰናበትም ስልኩን ዘጋ። ቀጥሎ ሸዋዬ በዚያው መስመር ደወለች። ስምሽ ማነው ያላት የለም። የሣህሉ የሥራ ክፍል ስክሪኑ ላይ ወለል ብሎ ጠበቃት።

«በር ጠባቂው ስልኩ መዘጋቱን አያውቅም» አለ ዳኘው። «የፊተኛው ሰው እንደ ተቀመጠ ይመስለዋል። በኮምፒውተሩ መዝገብ በዚያን ዕለት ከጎርጎራ የገባ ስም አንድ ብቻ ነው፤ አምሐ፣ ጠዋት። ቢያዝን፣ ስሜን ሰጠሁ አልህ። ማን ጠየቀህ? የገባኸው አምሐ ሳይሰናበት በተወው ክፍል ነው። ስንብቱንም የጻፍህ አንተ ነህ።»

ቢያዝን ፊቱን ወደ ወይዘሮ የብርጓል መለሰ።

«አምሐ ጠዋት ከቢሮ እንደ ወጣ አብረን በታንኳ ሄድን። ታንኳው ተገለበጠ። አምሐ አንገቴን አንቆ ያዘኝ፤ ሁለታችንም ልንሰጥም ሆነ። እጁን አላቅቄ ገፋሁት። ኋላ ስደውል ክፍሉ ተከፍቶ አገኘሁት፤ ሰው እንዳይጠይቀኝ ብዬ ጻፍሁ።»

ወይዘሮ የብርጓል ቀና ብለው አዩት።

«እጁን ማላቀቅህስ ሞት አስፈርቶህ ነው፤ ማን አይፈራም? ከሞተ በኋላስ ነፍሱ ምን በደለችህ?»

ቄስ ገብረ ኪዳን ዓይናቸውን እየጠረጉ ለፍትሐቱ ደወል እንዲደወል አዘዙ። እናትየዋ እስከዚያች ሰዓት ያልጮኹትን ጩኸት ያን ጊዜ ለቀቁት።