በጠርሙሱ ሥር

ረጀብ አሸዋ የሞላባትን ከረጢት በማህጁብ መዳፍ ላይ ጣል አደረገ። የአሶሳ ገበያ ጢም ብሏል፤ ማንም ልብ አላላቸውም።

«የሐዋጃውን ሣጥን ትከፍታለህ፣ የሱን አሸዋ አውጥተህ ይሄን ትተካለህ። ወላሂ ቀላል ነው።»

«መጀመሪያ ላብህን ጥረግ» አለው ማህጁብ።

ፈሪ! አለ በልቡ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ይሄን አጋር ብሎ መስጠት!

ማህጁብ የሐዋጃው፣ የዚያ ፈረንጅ፣ ምግብ አብሳይ ነው። የምስጢር ስሙ «ቅል»፤ እሱንም የሚያውቁት የላኩት ሼህ ሐመድ ብቻ ናቸው። ሐዋጃው ከወንዛቸው የዘገነው ወርቅማ አሸዋ ድንበር ተሻግሮ ለአለቆቹ ከታየ ወታደር ይመጣል። ወርቅ የሚያጥቡት ሴቶች በገዛ ወንዛቸው ባሪያ ይሆናሉ።

ሐዋጃው ግን «እኔ ባሕር ነው የማጠና» ይላል። ባሕር በሌለበት አገር! ምሳውን በበላ ቁጥር አንድ ጠርሙስ ያወጣል፤ ከታች ሰማያዊ ቀለም የገባበት ጨዋማ ውሃ፣ ከላይ ንጹህ።

«በምድር ጫፍ፣ ነፋስ በረዶውን ከጠረፉ ይገፋዋል። የተገለጠው ባሕር እንደገና በረዶ ሲሆን ጨውን ይተፋል። ያ ቀዝቃዛ ጨዋማ ውሃ ከብዶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ከዚያ ዓለምን ይዞራል። የጠረፉ በረዶ ከተለወጠ ጥልቁም ይለወጣል። ገባህ፣ አንተ ጅል?»

«አልገባኝም ጌታዬ።»

ገብቶታል። ሌላም ነገር ገብቶታል። በመንገድ ጠርሙሱን የሚሸከመው እሱ ነው። ሲያጋድለው በሥሩ የተኛው ጥቁር አሸዋ ይንከባለላል፤ ከአሸዋው ሥር ግን ፈቀቅ የማይል ነገር አለ። እናቱ ሰዕዲያ ወንዝ ዳር የወርቅ ማጠቢያ ገበታ እያሽከረከረች ያሳደገችው ልጅ ይሄን አይስተውም።

ከረጢቷን ይዞ የሐዋጃው ድንኳን ገባ። ሣጥኑን ከፈተ።

ቀጭ።

የሽጉጥ አፈሙዝ ማጅራቱ ላይ አረፈ።

ሐዋጃው ይስቃል። ረጀብ ከጎኑ ቆሟል፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

«ማን ነው ወንድምህ? ላብህን ጥረግ አልኩህ።»

ሐዋጃው ሣጥኑን ገለበጠው። ጠጠር ብቻ። «ወርቁ እዚህ መች ነበረና! ስትሸከመው ነው የከረምከው!» ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳ። ሰማያዊው ከታች፣ ንጹሁ ከላይ፣ መሀላቸው ያለው መስመር እንደ ክር ቀጥ ያለ። የከፈተው ሰው ቢኖር ይደበላለቅ ነበር። ረካ።

ማህጁብ አቀረቀረ። እንዳይስቅ።

ትናንት ዕቃ ሊያጥብ ወንዝ ወርዶ ነበር። ሰማያዊውን ውሃ በድስት አስቀርቶ ጠርሙሱን አራገፈ፣ ወርቁን አጥቦ ለወንዙ መለሰ፣ ጥቁሩን አሸዋ መልሶ ከተተ። መጀመሪያ ንጹህ ውሃ። ቀጥሎ ሰማያዊውን ጨዋማ ውሃ በሸምበቆ ቀስ አድርጎ ከሥር ሰደደው። ከባዱ ታች ይተኛል፤ ሐዋጃው ራሱ አይደል ያስተማረው? ሣጥኑን የከፈተውም፣ ረጀብ እንደሚከዳው አውቆ፣ ሊያዝ ብሎ ነው። ጅል የያዘ ሰው ጠርሙሱን አይመረምርም።

ሐዋጃው ገበያ መሀል «የወንዙን አሸዋ ሰርቆ ሊሸጥ ነበር» እያሰኘ በአለንጋ አስገረፈው። ከዚያ ሐዋጃው ረጀብን አስከትሎ፣ ጥቁር አሸዋ ብቻ የቀረበትን ጠርሙስ እንደ ታቦት አክብሮ ታቅፎ፣ ወደ ምዕራብ ተጓዘ።

ሰዕዲያ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ ልጇ ፊት ቆመች።

«ወንዛችንን ልትሸጥ? የሐዋጃ ውሻ!»

ተፋችበት።

አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ግን የገበያ ወሬ ከበቅሎ ይፈጥናል፤ ሐዋጃው መታለሉን ከሰማ ከመንገድ ይመለሳል። ሼህ ሐመድም በአጠገቡ አለፉ፤ እንደ ውላቸው፣ ሰላም ሳይሉት።

ሰዕዲያ ገበታዋን አንስታ ወደ ወንዟ ወረደች። ወንዙ ዛሬም የሷ ነው።

ማህጁብ ምራቁን ሳይጠርግ በሌላ መንገድ ሄደ።