በበርበሬ ቅንጠሳ ላይ የተቀዳ ድምፅ

«ሦስተኛውን ዘፈን ስሚውና ንገሪኝ» አለ ባምላኩ፤ ማዳመጫውን በእህቱ በያምሮት ጆሮ ላይ ደፋው።

መጀመሪያ ማሲንቆ ብቻ ነበር። ከዚያ ጊታሩና ድራሙ አንድ ላይ ወረዱ፤ ወንድሟም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ፍኖተ ሰላም ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ዓመት የለፋበት የሜታል ሙዚቃ አልበም ነው፤ ስለ መሬት እጦት፣ ስለ ስደት፣ ያለ ዕድሜያቸው ስለሚዳሩ ልጆች። ያምሮት ፈገግ አለች። ወዲያው ጩኸቱ ቆመና አንዲት ሴት ብቻዋን ማንጎራጎር ጀመረች።

«የወተት ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ፣
ሙሽራ ሆኜ ዋልሁ በሰው ቤት ሳለቅስ።»

የያምሮት ፈገግታ ጠፋ። አክስቷ እትዬ አቻምየለሽ ናቸው! አምና በርበሬ ሲቀነጥሱ በስልኳ የቀዳቻቸው እሷ ናት፤ ለባምላኩ የላከችለትም ዜማውን እንዲያጠና ብላ ነበር። እዚህ ቡሬ ውስጥ ሴቶች በርበሬ ሲቀነጥሱ ያንጎራጎሩት ደግሞ ከግቢ አይወጣም፤ እዚያ የተባለ እዚያው ይቀራል።

«ድምፃቸውን እንዳለ አስገባችሁት?»

«እኔ ብዘፍነውማ ማን ያምነኛል? ስም አልጻፍንም እኮ፣ ፈታ በይ።»

«የሳቸውን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ? ባላቸው አያ እጅጉ ቢሰሙትስ?»

«ስለ ሀብትነሽ አስቢ» አላት። ሀብትነሽ የያምሮት የክፍል ጓደኛ ነበረች፤ በጥር ተዳረች። «ዘፈኑ እንደሷ ላሉት ነው። ለእትዬ ከነገርናቸው እምቢ ይላሉ። ቅዳሜ ይለቀቃል፣ በቃ።»

«ዘፈኑ በሙሉ ከመዳሯ በፊት ልጅቷን ጠይቋት ነው የሚለው። እትዬን ማን ጠየቃቸው?»

ባምላኩ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ አነሣ። እሷም የምትኮራበት ነገር የላትም፤ የቀዳችው ራሷ ናት።

ዘፈኑን ስልኳ ላይ ጭና ወደ አክስቷ ቤት ስትሄድ ሐሳቧ ተምታታባት። ዘፈኑ ያምራል፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው። ሀብትነሽ ብትሰማው ታለቅሳለች። አያ እጅጉ ደግሞ እትዬን በልጅነታቸው ቢያገቧቸውም ዛሬ ደግ ሰው ናቸው፤ እትዬን ሲያማቸው ውሃ የሚቀዱት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ያ ግጥም በማን ላይ ነው? ትክክሉ የቱ እንደሆነ ጠፋት።

እትዬ ከበርበሬው ክምር አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ? ነይ ቁጭ በይና ቀንጥሺ።»

ቀነጠሰች። ሦስት ዛላ፣ አራት ዛላ።

«እትዬ፣ አምና ሲያንጎራጉሩ ሳላስፈቅድ ቀድቻለሁ። ባምላኩም ዘፈኑ ውስጥ አስገብቶታል።»

የእትዬ እጅ ቆመ።

«የትኛውን?»

«የወተት ጥርሱን።»

እትዬ ወደ በሩ አዩ። አያ እጅጉ ውጭ በሬዎቹን ሲያባብሉ ይሰማል።

«እሳቸው ሰምተውታል?»

«አልሰሙም። እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አይሰማውም» አለች ያምሮት። ይህን ለማለት ሥልጣን እንደሌላት ታውቃለች፤ ፈራች።

እትዬ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «እስቲ መጀመሪያ እኔ ልስማው።»

ያምሮት ስልኳን አወጣችና ለባምላኩ ጻፈችለት፦ «ነግሬያቸዋለሁ። እምቢ ካሉ ድምፃቸው ይቆረጣል።» ከዚያ ተነሥታ በሩን ዘጋችና ዘፈኑን ከፈተችላቸው።